በረዶ በሸፈነው ጫካ መንገድ ለቆ ወደ ወንዝ መውረድ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ካለችው ከሲያትል ከተማ ተነስቶ በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው፣ ስኖኳልሚ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሳውዝ ፎርክ ስኖኳልሚ የተባለውን ወንዝ ያገኛል። ወንዙ ከመተላለፊያው በላይ ካለው ሶርስ ሌክ ከሚባል ትንሽ ሐይቅ ይነሳል፤ ኖርዝ ቤንድ አካባቢ ሚድል ፎርክና ኖርዝ ፎርክ ከሚባሉት ሌሎቹ የስኖኳልሚ ክንዶች ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ 82 ሜትር ቁልቁል የሚወርደውን የስኖኳልሚ ፏፏቴ ካለፈ በኋላ ሞንሮ አጠገብ ከስካይኮሚሽ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ፣ ስኖሆሚሽ በሚል ስም ኤቨረት ላይ ባሕር ይገባል። እኔ የምወደው ግን ገና ከተራራው ሳይወጣ፣ ጠባብና ጥርት ያለ ሆኖ በድንጋይ መካከል የሚወርድበትን የላይኛውን ክፍል ነው። በተለይ ደግሞ በረዶ ሲሸፍነው።

በብርዱ ወራት ካሜራ ይዞ ወደዚህ ሸለቆ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ፍራንክሊን ፏፏቴ ነው። ፏፏቴው በእውነት ያምራል፤ የእግር መንገዱም ብዙ ሰው ስለሚረግጠው አቅጣጫ አያስጠፋም፤ ቤተሰብ ይዤ ስሄድ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ፎቶ ለማንሳት ስሄድ ግን ልቤ ያለው ከፏፏቴው በታች፣ ወንዙ ስም በሌላቸው መታጠፊያዎች እየተጠማዘዘ በትልልቅ ዛፎች መካከል በሚያልፍበት ቦታ ነው። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም። ወንዙን ከድልድይ ላይ ያነሳ ሰው ወንዙን ከላይ ያየዋል፤ ከዳርቻው ያነሳው ሰው ግን ውሃው ወደ እሱ ሲመጣና አልፎት ሲሄድ ያያል። ለዚህም ነው ጥሩ የወንዝ ፎቶ በአብዛኛው የሚወሰነው ካሜራው ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት፣ ሰውየው በየት በኩል እንደወረደና ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደተራመደ ነው ብዬ የማምነው።

መንገድ ለቅቆ መግባትን ግን በቀላሉ የምመክረው ነገር አይደለም። በሞቃቱ ወራት የዚህ ጫካ ወለል ሕይወት የሞላበት ነው። ድንጋዩንና የወደቀውን ግንድ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያለብሰዋል፤ ፈርን፣ የሐክልበሪ ቁጥቋጦና ገና ክንድ ያልሞሉ የሄምሎክ ችግኞች በየቦታው ይበቅላሉ። አንድ ሰው ያለፈበትን ሌላው እየተከተለው በአንድ ወቅት ውስጥ መሬቱ ተራቁቶ ያልታሰበ መንገድ ይወጣል፤ የወንዙ ዳርም ይሸረሸራል። በረዶው ከአንድ ሜትር በላይ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ከሥር ተኝቶ ይጠበቃል፤ የእኛ እግር የሚረግጠው በረዶውን ብቻ ነው፤ ዱካችንንም የሚቀጥለው ውሽንፍር ይሸፍነዋል። በዚህ ምክንያት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በረዶው ስስ ሆኖ የቁጥቋጦው ጫፍ ገና ብቅ ብቅ ባለበት ጊዜ፣ ከመንገድ መውጣት ጉዳቱ እንደ ሞቃቱ ወራት ነው፤ ለተራማጁም በበረዶ የተደበቀ ጉድጓድና ግንድ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ያን ጊዜ ከመንገድ አልወጣም።

ቀኑን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ ያለው በረዶ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ከሚመጣ እርጥብ አየር የሚወርድ ስለሆነ ከባድና ውሃ የያዘ ነው፤ ቅዝቃዜውም ብዙ ጊዜ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ስለሚዋልል ዛሬ በረዶ የነበረው ነገ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ከሃዋይ አቅጣጫ የሚነሳውና የአካባቢው ሰው ፓይንአፕል ኤክስፕረስ የሚለው ሞቃት ዝናብ በበረዶ ላይ ሲወርድ ወንዙ በአንድ ሌሊት ደፍርሶ ይሞላል። እኔ የምጠብቀው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ማለትም ጥቂት ቀናት በተከታታይ ቀዝቅዞ፣ የተራራው ውሃ በበረዶ መልክ ከላይ ታስሮ፣ ወንዙ አንሶና ጠርቶ፣ ድንጋዮቹ ከውሃው በላይ ብቅ ብለው እያንዳንዳቸው ወፍራም በረዶ የተሸከሙበትን ቀን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኖርዝዌስት አቫላንሽ ሴንተር በየዕለቱ የሚያወጣውን የበረዶ ናዳ ትንበያ አነባለሁ። ትንበያው አደጋውን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ያስቀምጠዋል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብሉ ቁልቁለቶች ላይ ሲሆን፣ እኛ የምንሄድበት የወንዝ ዳር ለጥ ያለ ቢሆንም ከላይ የተነሳ ናዳ ሸለቆው ድረስ ሊወርድ ስለሚችል ከራስ በላይ ያለውን ተዳፋት በካርታ ላይ ሳያዩ መግባት አይገባም። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰባብረው ወይም ቅርንጫፋቸው በአንድ ወገን ብቻ ተገሽልጦ የሚታይበት ገላጣ ስፍራ የናዳ መውረጃ ነው፤ እዚያ አይቆምም፣ ፎቶም አይነሳም።

ጫካው ውስጥ ከተገባ በኋላ የመጀመሪያው ትምህርት የዛፍ ሥር ጉድጓድ ነው። የሄምሎክና የዳግላስ ፈር ቅርንጫፎች የሚወርደውን በረዶ ይዘው ስለሚያስቀሩት፣ ግንዱን ተጠግቶ ያለው በረዶ ሳይጠቀጠቅ ልል ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። እዚያ ውስጥ በጭንቅላቱ ተደፍቶ የገባ ሰው በራሱ ኃይል መውጣት እጅግ ይከብደዋል፤ በረዶው ከላይ እየወረደበት ታፍኖ ሊሞትም ይችላል። ስለሆነም ከትልልቅ ዛፎች ግንድ ራቅ ብሎ፣ የቅርንጫፎቻቸውን ጫፍ ከውጭ በኩል እየታከኩ መሄድ ያስፈልጋል። ብቻን አለመሄድም የግድ ነው። እኔና ጓደኛዬ በመካከላችን የምንጠብቀው ርቀት አንዳችን የሌላውን ድምፅ የምንሰማበት ያህል ነው፤ ይህም ከምታስቡት ያጠረ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ በረዶ ድምፅን ይውጣል፤ ሃያ ሜትር ላይ የተጣራ ሰው ሩቅ ያለ ይመስላል።

ይኸው ነገር ወንዙንም ይመለከታል። ሀገር ቤት ጅረት ፈልጎ የሚወርድ ሰው ጆሮውን ተከትሎ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ከአውራ ጎዳናው የሚመጣው የመኪና ጉምጉምታ ከውሃው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፤ የቀረውን በረዶው ያፍነዋል፤ ወንዙ አጠገብ ደርሰው እንኳ ገና ሩቅ ያለ ሊመስልዎት ይችላል። ስለዚህ የምንመራው በካርታና በኮምፓስ ነው። በዚህ አካባቢ የኮምፓሱ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ኮምፓሱ አስቀድሞ ለዚህ ካልተስተካከለ አንድ ኪሎ ሜትር በሄዱ ቁጥር ከሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር በላይ ከታሰበው ቦታ ይስታሉ። የስልክ ጂፒኤስም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስልክ በብርድ ድንገት ይጠፋል። ዱካችንን ተከትለን እንመለሳለን ማለትም አያስተማምንም፤ በረዶ በኃይል ሲጥል የራስ ዱካ ከዓይን እስኪጠፋ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ከእግር በታች ስላለው ነገር ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙው ድካም ያለው እዚያ ነው። ስኖሹ የሚባለው ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ የሰውነትን ክብደት በሰፊው ስለሚያከፋፍል እግር እስከ ጭን ድረስ እንዳይሰምጥ ያደርጋል። እሱን አድርጎም ቢሆን በእያንዳንዱ እርምጃ ፊት ለፊት ያለውን በረዶ በምርኩዝ እየወጉ መሞከር ያስፈልጋል። እኛ የምንራመደው ዓይነ ስውር ሰው መንገዱን በበትሩ እንደሚፈትሽ ነው። ምርኩዙ በእኩል ድምፅ ገብቶ ጠጣር ነገር ላይ ከቆመ መሬት ወይም ግንድ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ተቃውሞ አግኝቶ ወዲያው ዘው ካለ ከሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ምናልባትም ከበረዶው በታች የምትወርድ ትንሽ ጅረት ናት። ወደ ወንዙ ስንጠጋ ደግሞ አደጋው ይበልጣል። በረዶው ከዳርቻው አልፎ በውሃው ላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ይቆማል፤ ፎቶ አንሺም ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደፊት መጠጋት ያምረዋል። የቆምኩበት ቦታ መሬት መሆኑን ምርኩዜን አስገብቼ ድንጋይ ሳልነካ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) አልዘረጋም። ውሃው ለዜሮ ዲግሪ የቀረበ ስለሆነ የወደቀበት ሰው ትንፋሹ ወዲያው ይቆራረጣል፤ ጣቶቹም በደቂቃዎች ውስጥ መጨበጥ ያቅታቸዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። በዚህ ከተማ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች፣ በተለይ ታላላቆቻችን፣ «ደግሞ ምን ጎደለና ነው በረዶ ውስጥ የምትንከራተቱት?» ይሉናል፤ ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ተራራው ከቤታችን አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስበት ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ዓመት ሙሉ ከመኪና መስኮት ብቻ የምናየው፣ እንዴት እንደሚገባበት የሚነግረን ሰው ስላላገኘን ነው የሚል እምነት አለኝ። አገባቡ ይማሩታል። በ1906 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ የተመሠረተው የማውንቴነርስ ማኅበር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለጀማሪዎች የሚያስተምረው «አሥሩ አስፈላጊ ነገሮች» የሚባል ዝርዝር አለው፤ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ባትሪ መብራት፣ ትርፍ ልብስ፣ ትርፍ ምግብ፣ እሳት ማያያዣ እያለ ይቀጥላል። ከትርፍ ምግቡ ላይ እኛ በሶ ጨምረንበታል። በፔርሙዝ ከያዝነው ሙቅ ውሃ ጋር በማርና በጥቂት ጨው ሲበጠበጥ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ጓንት ሳያወልቁ የሚጠጣ፣ ቶሎ ኃይል የሚሰጥ ስንቅ ነው። ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ከገላ የሚያርፍ ጥጥ አይለበስ። በላብ ወይም በበረዶ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። ሲያትል በሰሜን ኬክሮስ 47.6 ዲግሪ ላይ ስላለች በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ላይ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ 19 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። በሀገራችን አቆጣጠር 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ትጠልቃለች። ቀኑና ሌሊቱ እኩል በሚባልበት፣ ቀትር ላይ ጥላ ከእግር ሥር በሚያርፍበት ሀገር ላደገ ሰው ይህ ብርሃን እንግዳ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ትንሽ ይሻላል፤ ቢሆንም ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቀድማ ትደበቃለች። ጀማሪ ሆኜ ፀሐያማ ቀን እመርጥ ነበር። ዛሬ ግን ስስ ደመና ያለበትን ቀን አብልጬ እወዳለሁ፤ ፀሐይ በቅርንጫፎች መካከል ስትገባ ነጩ በጣም ነጭ፣ ጥቁሩ በጣም ጥቁር እየሆነ ወንዙ ይቆራረጣል፤ በደመና ብርሃን ግን የበረዶው ለስላሳ እጥፋቶች ሁሉ ይታያሉ፤ ውሃውም የራሱን ቀለም ያወጣል። ያ ቀለም ጥልቅ በሆነበት ቦታ አረንጓዴ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ደግሞ የድንጋዮቹ ቡናማ ነው።

የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የሚያመጣ ሆኖ ስለተሠራ፣ በረዶ የሞላበትን ፎቶ ለራሱ ከተውነው አጨልሞ አመድማ ያደርገዋል። ስለዚህ የተጋላጭነት ማስተካከያውን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይጨምራል) ከፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያም የጨለማውንና የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን አይቼ ነጩ ጫፍ ላይ እንዳልተቆረጠ አረጋግጣለሁ። ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ግን የማስብበት የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፍጥነት ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ጠቆር ያለ ፊልተር ገጥመው ሻተሩን እስከ ሠላሳ ሰከንድ ይከፍቱታል፤ ውሃው ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። ይህ አነሳስ ለሐይቅና ለባሕር ሊስማማ ይችላል፤ ለተራራ ወንዝ ግን አይስማማም ባይ ነኝ። ድንጋይ ላይ ተሰብሮ የሚዞረው ውሃ፣ ከዝላዩ በኋላ የሚፈጥረው ሽክርክሪት፣ አረፋው ተሰብስቦ የሚንሳፈፍበት ቦታ ሁሉ የዚያ ወንዝ መልክ ነውና፣ ጭጋግ ሲሆን የየትኛውም ወንዝ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። እኔ የምሠራው ከአንድ ስምንተኛ እስከ ግማሽ ሰከንድ ባለው ነው፤ በዚህ ፍጥነት ውሃው ሲሮጥም ይታያል፣ ቅርጹም አይጠፋም። ፖላራይዘር ፊልተር ደግሞ የሰማዩን ነጸብራቅ ከውሃው ላይ ስለሚያነሳ ከሥር ያሉት ድንጋዮች ይገለጣሉ፤ ሁሉንም ነጸብራቅ ግን አላጠፋም፤ ጥቂት ካልቀረ ውሃው እርጥበቱን ያጣል።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለን ዛፎቹ ራሳቸው ያስተጓጉሉናል። ቅዝቃዜው ትንሽ ሲለቅ፣ ከሬድ ሲዳር ቅርንጫፍ ላይ የተከመረው እርጥብ በረዶ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል፤ ከባዱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ቀላሉም ሌንሱን ይሞላዋል። ሬድ ሲዳር፣ በነገራችን ላይ፣ ከእኛው ሀገር ጥድ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ነው፤ ደቃቅ ቅርፊት መሳይ ቅጠሉን ቀርቦ ያየ ሰው ዝምድናውን ለማመን አይቸገርም። እኛም ትሪፖዱን ከመዘርጋታችን በፊት ቀና ብለን በላያችን ምን እንደተሸከመ ማየት ልማድ አድርገነዋል። ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ገላችን አጠገብ ይቀመጣል፤ ብርድ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ካሜራው ውስጥ ያለው ሲደክም ይቀያየራል፤ የደከመውም ሲሞቅ እንደገና ጥቂት ይሠራል።

በዚያ ብርድ ወንዙን ሳትተው የምትከርም አንዲት ወፍ አለች፤ ዲፐር ትባላለች። ከተራ ድንቢጥ ከፍ ያለች፣ መላ አካሏ ግራጫ፣ ጅራቷ አጭር ናት። በረዶ በሸፈነው ድንጋይ ላይ ቆማ መላ ሰውነቷን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ታደርጋለች፤ ዓይኗን ስትጨፍን የዓይኗ ቆብ ላይ ያሉት ነጫጭ ላባዎች ብልጭ ይላሉ፤ ከዚያ ዘላ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ከሥር በድንጋዮቹ መካከል እየተራመደችና በክንፏ እየቀዘፈች የነፍሳት እጮችን ትለቅማለች፤ ስትወጣም ውሃው ከላባዋ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ አትረጥብም። ባለፈው ጊዜ አንዷ ከትሪፖዴ አራት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እየገባች እየወጣች ለረጅም ጊዜ ስትመገብ ቆየች። ለእሷ የሚሆን ረጅም ሌንስ ይዤ ነበር፤ ግን ለመቀየር ብንቀሳቀስ ትበራለች ብዬ እጄን አጣምሬ ዝም ብዬ አየኋት።

በአውራ ጎዳናው 47ኛ መውጫ አጠገብ ያለው የጥንት ዛፎች ስፍራ አሳሄል ከርቲስ የሚል ስም የተሰጠው በምክንያት ነው። ከርቲስ (1874–1941 እ.ኤ.አ.) በካናዳ የሚገኘውን የክሎንዳይክን የወርቅ ፍለጋ ዘመን በካሜራው የመዘገበ፣ ከማውንቴነርስ ማኅበር መሥራቾች አንዱ የነበረ፣ የታዋቂው ፎቶ አንሺ የኤድዋርድ ከርቲስ ታናሽ ወንድም ነው። ከባድ ካሜራና የመስታወት ፕሌት ተሸክሞ በእነዚህ ተራሮች ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ፕሌት ለአንድ ፎቶ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ቦታውን ሳይመርጥ የሚያነሳበት ዕድል አልነበረውም። እኔም ከእሱ ዘመን የወሰድኩት ልማድ ይኸው ነው፤ ወንዙ ዳር ስደርስ መጀመሪያ ካሜራውን ከቦርሳ ሳላወጣ ዳርቻውን ወዲያና ወዲህ እመለከታለሁ፤ የት ብቆም ዱካዬ ፎቶው ውስጥ እንደማይገባ አስባለሁ። ያልተነካ በረዶ አንድ ጊዜ ከተረገጠ በዚያ ቀን አይመለስምና፣ ከፊት ለፊት የምፈልገውን ቦታ ከሩቅ ዞሬ ነው የምደርስበት።

ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ብርሃኑ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለመመለስ እንነሳለን። ካሜራውን ገና ከውጭ ሳለ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቄ እዘጋዋለሁ፤ ሞቃት መኪናና ቤት ውስጥ ሲገባ ጤዛው ከረጢቱ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አያርፍም፤ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ድረስም አልከፍተውም። በኮምፒውተር ላይ ስሠራ ጥላ ያረፈበት በረዶ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሰው ያንን አጥፍቶ ሁሉን ነጭ ያደርገዋል። በረዶው ጥላ ውስጥ ሲሆን የሚያንጸባርቀው የሰማዩን ቀለም ስለሆነ ጥቂቱን እተወዋለሁ፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው እሱን ነውና።

ከዘንድሮዎቹ ውስጥ ለማተም የመረጥኩት ወንዙ ወደ ግራ የሚታጠፍበትን ነው። ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች በረዶ ተሸክመው ይታያሉ፤ ውሃው በሁለቱ መካከል ጠቦ ይገባና ከሦስተኛው ጋር ተጋጭቶ ይዞራል። በግንቦትና በሰኔ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ስለሚሞላ እነዚያ ድንጋዮች በአብዛኛው ይሸፈናሉ፤ የሁለቱን ወቅት ፎቶ ጎን ለጎን ላሳያችሁ አስቤያለሁ። ያን ጊዜ ከሥር ያለው አረንጓዴ ስለሚገለጥ ወደ መታጠፊያው አልወርድም፤ በረጅም ሌንስ ከመንገዱ ዳር ሆኜ አነሳዋለሁ።